በሴት ገላ የሚሸጥ ምግብ፦ ከሁተርስ ዘመቻዎች ወልድያና መርሳ ምን ይማራሉ?



ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አስፋልት ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ይገባል፤ ከዚያም በስሪንቃ በኩል ወልድያ ይደርሳል። ወልድያ ላይ መንገዱ ይበተናል፤ አንዱ ወደ ቆቦና መቀሌ፣ አንዱ ወደ ላሊበላና ባሕር ዳር፣ ሌላው በሐራ በኩል ወደ አፋር ይሄዳል። መንገደኛና የከባድ መኪና ሾፌር ባለበት ቦታ ሆቴልና ግሮሰሪ ይበዛል። በእነዚህም ሆነ በሌሎች የአገራችን ከተሞች በር ላይ ተለጥፎ የምናውቀው አንድ ማስታወቂያ አለ፦ አስተናጋጅ እንፈልጋለን፤ ፆታ ሴት፤ መልከ መልካም። ስለ ልምድ ወይም ስለ ንጽሕና የሚጠይቅ ቃል ብዙ ጊዜ የለበትም። ከሐብሩ ገጠር ትምህርቷን ጨርሳ ወይም አቋርጣ ሥራ ፍለጋ የመጣች ልጅ መጀመሪያ የምታነበው ይህን ነው።

በዓለም ላይ ይህችን አንዲት መስመር ወደ ትልቅ ኩባንያ የለወጠ ድርጅት አለ። ስሙ ሁተርስ ይባላል። በአገራችን ቅርንጫፍ የለውም። ይሁን እንጂ ኩባንያው ሊከፈት በነበረባቸው ከተሞች ነዋሪዎች ያካሄዱት ዘመቻ ለእኛም ትምህርት አለው። በዚህ ጽሑፍ ኩባንያው ምን እንደሆነ፣ ከተሞቹ እንዴት እንደተቃወሙት፣ የአገራችን ሕግና ዲናችን ምን እንደሚሉ እናያለን። በመጨረሻም እንዲህ ዓይነት ቤት በሰፈራችን ቢከፈት ማንን መያዝ፣ ማንንስ መጠበቅ እንዳለብን እንነጋገራለን።

ሁተርስ ምንድን ነው?

ሁተርስ እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ክሊርዋተር ከተማ ተመሠረተ። የሚሸጠው የዶሮ ክንፍና ቢራ ነው። አርማው ጉጉት ነው፤ ስሙ ግን በአሜሪካ የመንደር ቋንቋ የሴትን ጡት የሚጠራ ቃል ነው፤ ቀልዱም እዚያ ላይ ነው። አስተናጋጆቹ ወጣት ሴቶች ሲሆኑ የሚለብሱት የደንብ ልብስ እጅግ አጭር ቁምጣና ሰውነት ላይ የተጣበቀ ካናቴራ ነው። ከእርሱ በኋላ ተመሳሳይ መንገድ የያዙ ሌሎችም መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በቴክሳስ የተጀመረው ትዊን ፒክስ አንዱ ነው።

ኩባንያው ምን እንደሚሸጥ በግልጽ የታወቀው በፍርድ ክርክር ነው። በ1990ዎቹ አስተናጋጅ ሆነው እንዳይቀጠሩ የተከለከሉ ወንዶች በፆታ አድልዎ ከሰሱት። ኩባንያው ሲከራከር ዋናው ነገር ምግቡ ሳይሆን የሴቶቹ ማራኪነት ስለሆነ ወንድ ለዚያ ሥራ አይሆንም አለ። ክሱ እ.ኤ.አ. በ1997 በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ፤ አስተናጋጆቹን ሴት ብቻ የማድረግ አሠራሩ ግን ቀጠለ። ሴት ሠራተኞችም ሲቀጠሩ ሥራው በሴት ማራኪነት ላይ የተመሠረተ መሆኑንና ወሲባዊ ቀልድ የተለመደበት ቦታ መሆኑን አውቀናል ብለው እንዲፈርሙ ይደረግ ነበር። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ ውርደቱ በድንገት የደረሰ ሳይሆን በወረቀት ላይ ሰፍሮ በፊርማ የጸደቀ ነው።

የኩባንያው ዕጣ ምን ሆነ? እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2025 ወደ 376 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ይዞ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ከ30 በላይ ቅርንጫፎቹን በድንገት ዘጋ። የመጀመሪያዎቹ መሥራቾች ቡድን ድርጅቱን ተረክቦ ለቤተሰብ የሚሆን ቦታ እናደርገዋለን አለ። ቤቶቹ ሲዘጉ በአንድ ጀንበር ሥራ አጥ የሆኑት ግን እነዚያው አስተናጋጆች ናቸው። ይህን ነጥብ ወደ ታች እንመለስበታለን።

ከተሞቹ እንዴት ተቃወሙ?

በብሪታንያ የመጀመሪያው ዘላቂ ቅርንጫፍ እ.ኤ.አ. በ1998 በኖቲንግሃም ተከፈተ፤ ከዚያም ኩባንያው ወደ ሌሎች ከተሞች ለመስፋፋት ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2008 በሼፊልድ ሊከፍት ያሰበውን ቤት ነዋሪዎች ፊርማ አሰባስበው ተቃወሙና ዕቅዱ ቀረ። በብሪስቶል የሴቶች መብት ተሟጋቾች ቢቃወሙም ፈቃድ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ተከፈተ፤ ዓመት ሳይሞላው ግን ተዘጋ። በካርዲፍም በ2010 ተከፍቶ በ2012 ተዘጋ። በሊቨርፑል የከተማዋ ከንቲባ ሳይቀሩ ቢቃወሙም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ጀመረ።

ከእነዚህ ታሪኮች ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ተቃውሞው ከሕጉ ጋር መገጣጠም እንዳለበት ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የመጠጥ ፈቃድ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ የሚያያቸው ዓላማዎች አራት ብቻ ናቸው፦ ወንጀልንና ሁከትን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ የሰፈርን ሰላም መጠበቅና ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ። ሥነ ምግባር ከአራቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ «ይህ ነውር ነው» ብሎ ብቻ የቀረበ ሰው ቅሬታው ተሰምቶ ይመለሳል፤ ፈቃዱ ግን ይሰጣል። ሁለተኛው፣ ሕግ ክፍተት ካለው ማሻሻል እንደሚቻል ነው። በዚያው አገር የእርቃን ዳንስ ቤቶች እንደ ተራ መጠጥ ቤት ፈቃድ ማግኘታቸው ያሳሰባቸው ማኅበራት ባደረጉት ግፊት እ.ኤ.አ. በ2009 ለእነዚህ ቤቶች የተለየ ፈቃድ የሚጠይቅ ሕግ ወጣ። ሁተርስ አስተናጋጆቹን ስላላራቆተ ይህ ሕግ አላገኘውም። ንግዱ ሆን ብሎ ከሕጉ መስመር አንድ እርምጃ ቀደም ብሎ ይቆማል ማለት ነው።

የቢራ አስተዋዋቂ ልጃገረዶች

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል ወደ አህጉራችን እንምጣ። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የቢራ ፋብሪካዎች ወጣት ሴቶችን ቀጥረው፣ የቢራውን ቀለም ያለው አጭር ልብስ አልብሰው፣ ማታ ማታ በየመጠጥ ቤቱ ያሰማራሉ። የኔዘርላንዱ ሄኒከን አስተዋዋቂ ሴቶችን ለወሲባዊ ብዝበዛና ለጤና አደጋ በሚያጋልጥ መንገድ ያሠራል የሚል ዘገባ ከወጣ በኋላ፣ ኤድስን፣ ሳንባ ነቀርሳንና ወባን የሚዋጋው ግሎባል ፈንድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ከኩባንያው ጋር የነበረውን ትብብር አቋረጠ። ኩባንያውም በአስተዋዋቂዎቹ አለባበስና የሥራ ሁኔታ ላይ ማሻሻያ አደርጋለሁ አለ። እዚህ ጥያቄው ለድርጅቱ ቀረበ እንጂ ለልጃገረዶቹ አልቀረበም። ለዚህም ነው ውጤት የታየው።

በእኛም አገር ነገሩ የውጭ ስምና አርማ ይዞ ላይመጣ ይችላል። «የባህል ምሽት» ወይም «ላውንጅ» ተብሎ ሊመጣ ይችላል። የወሎ ሴት ውበት በዘፈን መወደሱን እናውቃለን፤ ያ ውዳሴ የቤት መጥሪያ ታፔላ ሲሆን ግን ክብር መሆኑ ይቀራል። መለያው ስሙ ሳይሆን አሠራሩ ነው፦ ልጅቷ የተቀጠረችው ምግብ ለማቅረብ ነው ወይስ ደንበኛ ለማቆየት?

የአገራችን ሕግ ምን ይላል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል፤ ስለዚህ አንድን ቤት «በሸሪዓችን ሐራም ስለሆነ ይዘጋ» ብለን ለመንግሥት ብናመለክት ከመነሻው ሚዛን አይደፋም። ግን ባዶ እጃችንን አይደለንም። በእጃችን ያሉትን እንዘርዝር፦

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። በአንቀጽ 32 መሠረት አሠሪው ሰብዓዊ ክብሯን ወይም ሞራሏን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመባት፣ ወይም አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ወሲባዊ ትንኮሳ ካደረሰባት፣ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ልትለቅ ትችላለች። ምክንያቱ ትንኮሳው ከሆነ ከሥራ ስንብት ክፍያው በተጨማሪ የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ ካሳ ይከፈላታል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ሊሰጣት ይገባል። ብዙዎቹ እህቶቻችን ይህን ወረቀት አይተውት አያውቁም።

በዚያው አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለች ወጣት ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ልትሠራ አይፈቀድም። በምሽት ቤት የምትሠራ የ16 ዓመት ልጅ ካለች ሌላ ማስረጃ ሳንፈልግ አሠሪው ሕግ ጥሷል።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስንም ከልክሏል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 በፆታ ምክንያት የሰውን ክብር የሚነካ ምስልና ንግግር ያለበትን ማስታወቂያ ሕገ ወጥ ይለዋል፤ ታፔላውም ከዚህ አያመልጥም።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 634 በሌላ ሰው ዝሙት የሚተዳደርን፣ ለዚህ ሥራ ቤት የሚያከራይን ወይም የሚያስተዳድርን ይቀጣል። ቅጣቱ ያረፈው በአትራፊው ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

አንድ ክፍተት ግን አለ። አንቀጽ 32 ትንኮሳን በሚመለከት የሚጠቅሰው አሠሪውንና የሥራ መሪውን ነው፤ ደንበኛውን በስም አይጠቅስም። በአስተናጋጅነት ሥራ ደግሞ እጁን የሚሰደው ብዙ ጊዜ ደንበኛው ነው። ደመወዟ ትንሽ በመሆኑና በግል ድርጅቶች የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ስላልተወሰነ ልጅቷ የምትኖረው በቲፕ ነው፤ ቲፑን የሚሰጣት ደግሞ ያው ደንበኛ ነው። ዝም የምትለው ለዚህ ነው። ሁተርስ በፊርማ ያስገኘውን ዝምታ እኛ ዘንድ ድህነት ያስገኘዋል።

ዲናችን ጣቱን ወደ ማን ይቀስራል?

በዚህ ጉዳይ ሱረቱ ኑርን ደጋግሞ ማንበብ ያስፈልጋል። በ30ኛው አንቀጽ ዓይንን ስለ መስበር የመጣው ትእዛዝ በመጀመሪያ የተነገረው ለወንዶች ነው፤ የሴቶቹ በ31ኛው ይከተላል። በ33ኛው አንቀጽ ደግሞ በቁጥጥራቸው ሥር ያሉ ልጃገረዶችን የዱንያ ጥቅም ፈልገው ወደ ዝሙት የሚያስገድዱ ሰዎች ተወግዘዋል፤ የተገደዱትን በተመለከተ ግን የአላህ መሓሪነትና አዛኝነት ተወስቷል። በሶሒሕ ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ.) እንደተላለፈው አንቀጹ የወረደው የመዲናው ዐብደላህ ኢብን ኡበይ ሴት አገልጋዮቹን ለገንዘብ ብሎ ያስገድድ ስለነበር ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በዝሙት የሚገኝን ክፍያ ከልክለዋል።

እንግዲህ በሴት ገላ ስለሚነግድ ቤት የመጣው የመጀመሪያው ውግዘት በባለቤቱ ላይ ነበር፤ ለልጃገረዶቹ የተከፈተው የምሕረት በር ነው። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ለእኛ አይገባም።

ሌላም አለ። በዚያችው ሱራ በ4ኛው አንቀጽ ጥብቅ ሴትን በዝሙት ወንጅሎ አራት ምስክር ያላመጣ ሰው ሰማንያ ግርፋት እንደሚገባውና ምስክርነቱ ከዚያ በኋላ ተቀባይነት እንደማይኖረው ተደንግጓል። ይህ ቀዝፍ ይባላል። ሐዱን የመፈጸም ሥልጣን የእኛ አይደለም፤ የኃጢአቱን ክብደት ግን ያሳየናል። በግሮሰሪ የምትሠራን ልጅ ሳያውቁ «እንዲህ ናት» ማለት፣ ፎቶዋን አንስቶ በስልክ ማሰራጨት፣ የአባቷን ስም እየጠሩ መስደብ፣ ሙንከርን መከልከል ሳይሆን ሌላ ሙንከር መሥራት ነው። ወሬው ጀበና ሳይወርድ ከመርሳ ወልድያ ይደርሳል። ልጅቷ ነገ ሥራውን ትታ ብትመለስ እንኳ የምትመለስበት ቤት አይኖራትም። እንዲህ ያለው ዘመቻ ቤቱን አይዘጋም፤ የሚዘጋው የተውባዋን መንገድ ነው።

ይህን ስንል ሥራውን ሐላል ማድረጋችን አይደለም። ኸምርን ማቅረብ በራሱ በሐዲስ የተወገዘ ነው። ግን «ተዪው» ብሎ መናገርና የምትተውበትን ሪዝቅ ማሳየት አንድ ላይ መሄድ አለባቸው። ወልድያና መርሳ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ አልፈዋል፤ ስንት ቤት አባወራውን፣ ከብቱን፣ ሱቁን እንዳጣ እናንተ ከእኛ በላይ ታውቃላችሁ። ማስታወቂያውን አንብባ የገባችው ልጅ ከእነዚህ ቤቶች የወጣች ልትሆን ትችላለች።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጎረቤትን ይዞ መነሳት። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀብራል፤ ጸብ ሲነሳም ሽማግሌ ይዞ ያስታርቃል። የልጅ ክብር የሁለቱም ነው። የመስጊድ ጀማዓ ብቻውን የፈረመበት ወረቀትና የሰፈሩ ቅሬ፣ ኢማሙ፣ ቄሱና የተማሪ ወላጆች አንድ ላይ የፈረሙበት ወረቀት በጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ እኩል አይከብዱም።

ሁለተኛ፣ ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር። ብዙውን ጊዜ የአገራችን ሰው ነው፤ ምናልባትም አብሮን የሚሰግድ ነው። በር ሳይዘጋ በፊት ሽማግሌ ይላክበት። ጥያቄው ግልጽ ይሁን፦ ጨዋ የደንብ ልብስ፣ የጽሑፍ ውል፣ በቲፕ ላይ ያልተንጠለጠለ ደመወዝ፣ ከደንበኛ ጋር ተቀመጪ የሚል ትእዛዝ ማቆም፣ ሲመሽ ሰላም ወደ ቤት የሚያደርስ መጓጓዣ፣ እጁን የሚሰድ ደንበኛን ማስወጣት።

ሦስተኛ፣ እምቢ ካለ በሕግ መንገድ መሄድ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን ይሰጣል። የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ስለዚህ ጥያቄያችን ከእድሳቱ በፊት ለንግድ ጽ/ቤት ይድረስ። የዕድሜና የውል ጉዳይ ለሥራ ጉዳይ ጽ/ቤት፣ የልጆቹ ደኅንነት ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽ/ቤት፣ ወንጀል ካለ ለፖሊስ ይቅረብ። «ነውር ነው» ከሚለው ቃል ይልቅ «የ16 ዓመት ልጅ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ታሠራለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሩቅ ይሄዳል። እውነት መሆኑን ሳናረጋግጥ ግን አንጻፍ። በር መስበር፣ ድንጋይ መወርወር፣ ማስፈራራት ዲናችንም ሕጉም አይፈቅዱትም፤ የመጀመሪያዋ ተጎጂም ልጅቷ ትሆናለች።

አራተኛ፣ ወንዶች ራሳችንን መመርመር። እነዚህ ቤቶች የሚቆሙት በደንበኛ ነው። የብሪስቶሉ ቤት የመክፈቻ ፈቃድ አላጣም፤ ግን አልዘለቀም። የጁሙዓ ኹጥባ ስለ አስተናጋጇ አለባበስ ከመናገሩ በፊት እዚያ ተቀምጦ ስለሚያያት ወንድ ይናገር። ሾፌሩ፣ ነጋዴው፣ የመንግሥት ሠራተኛው ገንዘቡን የት እንደሚያወጣ ይጠየቅ።

አምስተኛ፣ ሌላ በር መክፈት። ወልድያና መርሳ ውስጥ ንጹሕ፣ ኸምር የሌለበት፣ ሴት ተቀጥራ ሳትሸማቀቅ የምትሠራበት ምግብ ቤት ቢበዛ መንገደኛውም ይበላል፣ ልጅቷም ትከበራለች። አቅም ያላችሁ ነጋዴዎች ከዚህ ቤት ለሚወጡ እህቶች በሱቃችሁ፣ በዳቦ ቤታችሁ፣ በምግብ ቤታችሁ ቦታ ያዙ። መጅሊሱና የመስጊድ ኮሚቴዎች ከዘካና ከሶደቃ ለመነሻ የሚሆን ይመድቡ። ዘመቻ ጀምሮ ይህን ያላሰበ ሰው፣ ሁተርስ በአንድ ሌሊት ቅርንጫፉን ሲዘጋ ያደረገውን ነው የሚደግመው፤ ቤቱን ዘግቶ ልጅቷን ደጅ ይጥላታል።

ማጠቃለያ

እንዲህ ዓይነት ቤት ሲከፈት ዝም ማለት አይገባንም። ስንናገር ግን ቃላችን ወደ ውሉ፣ ወደ ታፔላው፣ ወደ አትራፊውና ወደ ደንበኛው ይሂድ። ልጅቷ የዘመቻው ዒላማ ሳትሆን የዘመቻው ምክንያት ናት። በሚቀጥለው ጊዜ «መልከ መልካም» የሚለውን ማስታወቂያ በር ላይ ስናይ የገዛ እህታችን እያነበበችው እንደሆነ እናስብ፤ ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብን ልባችን ይነግረናል።

አላህ እህቶቻችንን በሐላል ሪዝቅ ያብቃቃቸው፤ እኛንም ምላሳችንንና ዓይናችንን የምንጠብቅ፣ በመልካም የምናዝና በጥበብ የምንከለክል ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።